ካንሰርና የተጨነቀ ልብ፦ ታማሚዎችና ቤተሰቦች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

በካንሰር ሕክምና ክፍል በነርስነት ስሠራ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሐኪሙ በጉብኝት ሰዓት "ጥያቄ አለ?" ሲል ሁሉም ዝም ይላል። ሐኪሙ ከወጣ በኋላ፣ ግሉኮሱ ጠብ ጠብ ሲል፣ የጎን አልጋዋ ታማሚ ስታንቀላፋ ግን "ሲስተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?" የሚል ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰማል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች አብዛኞቹ እንዲህ የመጡ ናቸው። መልሶቼ የሐኪምዎን ምክር አይተኩም። ጨንቆዎት ዝም ካሉ ግን ወሬውን ለመጀመር ይረዱዎታል ብዬ አምናለሁ።

የሥነ ልቦና ሕክምና ካንሰርን ያድናል?

አያድንም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ስለሚታለል ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዴቪድ ስፒገል የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አወጣ። ካንሰራቸው ከጡት አልፎ የተሰራጨ ሴቶች በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ስለ ሕመማቸው ሲወያዩ ዕድሜያቸው እንደረዘመ የሚገልጽ ነበርና ዓለምን አስደነቀ። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ግን፣ ስፒገል ራሱ የደገመውን ጨምሮ፣ የዕድሜው ጉዳይ አልተረጋገጠም። የጸናው ሌላ ነገር ነው፦ በጣም ተጨንቀው የነበሩት ሴቶች ጭንቀታቸው ቀለለ፤ የሕመም ስሜታቸውም ተሻለ።

ስለዚህ "አስተሳሰብሽን ካስተካከልሽ ትድኛለሽ" የሚልዎትን ሰው አይስሙት። ይህ አባባል ክፉ ጦስ አለው። በሽታው የባሰ ዕለት ታማሚዋ "በደንብ ስላላሰብኩ ነው" ብላ ጥፋቱን በራሷ ላይ ትጭነዋለች። የሥነ ልቦና ሕክምና እንቅልፍን ይመልሳል፣ ኬሞውን (ካንሰሩን የሚያጠቃውን መድኃኒት) ሳያቋርጡ ለመጨረስ ጉልበት ይሰጣል፣ በቤት ውስጥ የታፈነውን ወሬ ያስተነፍሳል። ይህ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

"የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር ሂጂ" ተባልኩ። አብደሻል ማለታቸው ነው?

አይደለም። በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ሲነሳ ለብዙ ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። "አማኑኤል ይወሰድ" የሚለው ንግግርም ለረጅም ዘመን እንደ ስድብ ሲወረወር ኖሯል። እርስዎ ግን የተላኩት አእምሮዎ ስለታመመ ሳይሆን ከባድ ነገር ስለተሸከሙ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ፣ የብዙ አገሮችን ጥናቶች አንድ ላይ የመረመረ ሥራ እንደሚያሳየው በሆስፒታል ከሚታከሙ 100 የካንሰር ታማሚዎች ከ30 እስከ 40 የሚሆኑት ድባቴ፣ ጭንቀት ወይም ከአዲሱ ሁኔታ ጋር መላመድ አለመቻል ይታይባቸዋል። በተጠባባቂዎች አግዳሚ ወንበር ላይ አብረውዎት ከተቀመጡት ሦስት ሰዎች አንዱ ማለት ነው።

ጂሚ ሆላንድ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1977 በኒው ዮርኩ መሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ሆስፒታል ለታማሚዎች የአእምሮ ጤና ክፍል ያቋቋሙት ይህን በማየት ነው። ታማሚዎች "የአእምሮ ችግር" የሚለውን ስም እንደሚሸሹ ስላወቁ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የትኩሳት መለኪያ የሚመስል ሥዕል አዘጋጁ፤ ከታች 0፣ ከላይ 10። "ባለፈው ሳምንት ዛሬን ጨምሮ ምን ያህል ተጨንቀዋል?" ተብሎ ይጠየቃል። 4ና ከዚያ በላይ ያሉ ሰው የበለጠ ሊጠየቁ፣ ሊደገፉ ይገባል። ወረቀቱ ባይኖርም ቁጥሩን ለሐኪምዎ መናገር ይችላሉ። "ዶክተር፣ ጭንቀቴ ከአሥር ስምንት ነው" የሚል ሰው ሳይሰማ አይቀርም።

እናታችን ካንሰር እንዳለባት እንዳይነገራት ወስነናል። ተሳስተናል?

ከሁሉም በላይ የተጠየቅሁት ይህን ነው። ካርዱን የያዘው ልጅ ከእናቱ ቀድሞ ይገባና "እባክዎ ዶክተር፣ ስሙን እንዳይጠሩባት፤ ከሰማች ዛሬውኑ ትሞትብናለች" ይላል። ይህ ከፍቅር የሚመጣ ነው። ማንም ቤተሰብ እናቱን ለመጉዳት ብሎ አይደብቅም።

ነገር ግን አንድ ነገር ላውጋችሁ። ልጆቻቸው "የጨጓራ ቁስለት ነው" ያሏቸው አንዲት እናት ነበሩ። በየሃያ አንድ ቀኑ እየመጡ ኬሞ ይወስዳሉ። አምስተኛው ዙር ላይ የደም ሥራቸውን እየዳበስኩ ስፈልግ ክንዳቸውን ሳያንቀሳቅሱ "ሲስተር፣ እንዳወቅሁ ለልጆቼ እንዳትነግሪብኝ። ይጨነቁብኛል" አሉኝ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቁ ነበር። የክፍሉን ስም በር ላይ አንብበዋል፣ ከጎናቸው ከተኙት ጋር ተጨዋውተዋል፣ ልጆቻቸው ስልክ ሲመጣ ወደ ውጭ ሲወጡ አይተዋል። ለወራት እናት ለልጆቿ፣ ልጆቹም ለእናታቸው ሲሉ ሁሉም ለየብቻው አለቀሰ።

የሚደበቀው ነገር የሚያስከትለው ጉዳት የስሜት ብቻም አይደለም። ለቀዶ ሕክምና የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው፤ የማያውቁትን እንዴት ይፈርማሉ? ንስሐ መግባት፣ የውጭ አገሩን ልጅ ማየት፣ የመሬትና የቤት ጉዳይ ማስተካከል፣ ልጆችን መመረቅ የሚፈልግ ሰው ጊዜው ይወሰድበታል። የኬሞው ማቅለሽለሽ ሲበረታም "ለጨጓራ ይህን ሁሉ ለምን እሠቃያለሁ?" ብለው ሕክምናውን ሊተዉት ይችላሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባል የለም? ከባለቤቱ የተደበቀ በሽታም እንዲሁ ነው።

እንዴት ይነገር ለሚለው፣ ከራሳችን ባህል የምንወስደው አለ። መርዶ ሲነገር አስታውሱ። ማንም ሰው በስልክ፣ በመንገድ ላይ፣ ቆሞ መርዶ አይነግርም። ሊነጋጋ ሲል ዘመድና ጎረቤት ይሰበሰባል፣ የሚቀርበው ሰው ይመረጣል፣ ከተነገረ በኋላም ማንም ተነሥቶ አይሄድም። ካንሰር መርዶ አይደለም፤ ብዙዎች ይድናሉ፣ ብዙዎችም ለዓመታት አብረውት ይኖራሉ። የአነጋገሩ ጥበብ ግን እዚያ አለ፦ መቀመጥ፣ የሚወደድ ሰው አጠገብ መኖሩ፣ አለመቸኮል፣ ከተናገሩ በኋላ አብሮ መቆየት። ውጤታቸውን ኮሪደር ላይ፣ ሰው እየተጋፋቸው፣ ቆመው የሰሙ ታማሚዎችን አይቻለሁ። ያን ቦታና ያን ቃል እስከ ዛሬ ይደግሙታል።

ከመናገር በፊት መጠየቅ ይቀድማል። "እማዬ፣ ሐኪሞቹ ምን አገኙ ብለሽ ታስቢያለሽ?" ቀጥሎም "ዝርዝሩን ማወቅ ትፈልጊያለሽ ወይስ እኛ ብንይዘው ትመርጫለሽ?" ይበሏት። "ለልጄ ንገሩት፣ እኔ አልሰማም" የሚሉ አሉ፤ መብታቸው ነው። ይህን መወሰን ያለባቸው ግን እሳቸው እንጂ ልጆቻቸው አይደሉም። ፈተናው ከከበደዎት የሕክምና ቡድኑን አብሮዎት እንዲቀመጥ ይጠይቁ።

ውጤቱን ስሰማ አንድም እንባ አልወጣኝም። ምን ሆኜ ነው?

ደንግጠው ነው። አንዳንዱ ይጮኻል፣ አንዳንዱ ይደነዝዛል፣ አንዳንዱ ወጥቶ ቲማቲም ገዝቶ ወጥ ይሠራል። ከሳምንታት በኋላ በማይረባ ምክንያት፣ ለምሳሌ ብርጭቆ ሲሰበር፣ እንባው ሊመጣ ይችላል። በዚያ ሰሞን የተነገርዎትን ብዙውን ስለማያስታውሱ ቀጠሮ ላይ ሰው ይዘው ይግቡ፤ ጥያቄዎን በወረቀት ይጻፉ።

ማዘኔ ተገቢ ነው። መቼ ነው ሕክምና የሚያስፈልገው?

ሐዘን እንደ ሞገድ ይመጣል ይሄዳል። የልጅ ልጅዎ ሲስቅ ይስቃሉ፣ ቡናው ሲፈላ ሽታው ደስ ይልዎታል፣ ከዚያ ትዝ ሲልዎት ልብዎ ይወርዳል። ድባቴ ግን አይሄድም። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ቀኑን አብዛኛውን፣ ደስ የሚል ነገር ሁሉ ጣዕሙን ያጣል፤ "ሸክም ሆንኩባቸው"፣ "ብሞት ይሻላቸው ነበር" የሚል ሐሳብ ይመላለሳል። ያኔ ይናገሩ።

በካንሰር ላይ ግን አንድ አስቸጋሪ ነገር አለ። ድካም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣት የድባቴም የካንሰሩም የመድኃኒቱም ምልክቶች ናቸው። ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ዴክሳሜታዞንና በአንዳንድ የካንሰር ሕክምናዎች የሚሰጠው ፕሬድኒሶሎን እንቅልፍ ይነሳሉ፣ አንዳንዱን ያስቆጣሉ፣ አንዳንዱን ያስለቅሳሉ። ሐኪሙ ከፈቀደ መድኃኒቱን ጠዋት መውሰድ ብቻውን ሌሊቱን ሊያስተካክል ይችላል። የደም ማነስም ሰውን ያደክማል። ደህና የነበረ ታማሚ በድንገት ከተቀባዠረ፣ ሰዓትና ቦታ ከጠፋበት ደግሞ ይህ ጭንቀት አይደለም፤ ኢንፌክሽን፣ የደም ውስጥ የካልሲየም መብዛት ወይም ሌላ አጣዳፊ ነገር ሊሆን ስለሚችል ያኔውኑ ወደ ሆስፒታል ይውሰዱት።

ሕመም ያልታከመለትን ሰው ደግሞ "አትጨነቅ" ማለት ግፍ ነው። መጀመሪያ ሕመሙ ይታከም። ሞርፊንን "የመጨረሻው መድኃኒት ነው" ብለው የሚፈሩ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ሐኪም እየተከታተለው ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ ግን ታማሚው ተቀምጦ እንዲበላ፣ እንዲያወራ፣ እንዲተኛ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ሕመሙ ሲለቃቸው "ድባቴ" የተባለው አብሮ የለቀቃቸው ሰዎች አይቻለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ምንድን ነው የሚደረገው? ስለ ልጅነቴ ይጠይቁኛል?

ምናልባት ይጠይቁዎታል፣ ግን ዋናው ነገር አይደለም። ብዙ ጊዜ አንድ ክፍለ ጊዜ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይወስዳል። ሁለት ወንበር፣ የተዘጋ በር፣ ምናልባት መሐረብ። የሚናገሩት ከእርስዎና ከባለሙያው አያልፍም፤ ልዩነቱ ሕይወትዎ አደጋ ላይ ሲሆን ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ በቅርበት ላሳይ። ወደ ሆስፒታሉ የሚወስዳትን ታክሲ ስትሳፈር የሚያስመልሳት አንዲት ወጣት ነበረች። ኬሞውን ገና አልወሰደችም፤ የአልኮሉ ሽታ እንኳ አልደረሰባትም። አካሏ ከቀደሙት ዙሮች ተምሮ መንገዱን ብቻ በማየት ማቅለሽለሹን ይጀምር ነበር። ይህ የታወቀ ነገር ነው፤ ማስመለስን የሚከላከለው መድኃኒትም ብዙ ጊዜ አያቆመውም። ባለሙያዋ አላጽናናቻትም። እግሯን መሬት አስረግጣ፣ በአፍንጫዋ እስከ አራት እየቆጠረች አየር እንድታስገባ፣ እስከ ስድስት እየቆጠረች ቀስ ብላ እንድታወጣ፣ ከትከሻዋ እስከ እግር ጣቷ ጡንቻዎቿን በየተራ አጥብቃ እንድትለቅ አለማመደቻት። ከዚያ የሆስፒታሉን በር በሐሳቧ እያየች፣ በኋላም በር ላይ ቆማ፣ ይህንኑ ሠራች። መንገዱን ሙሉ በሙሉ አልወደደችውም፤ ግን ስድስተኛውን ዙር ጨረሰች።

ሌላው የተለመደ ሥራ ሐሳብን መፈተሽ ነው። "ጎረቤቴ በዚሁ በሽታ ሞተች፤ እኔም እሞታለሁ" የሚለውን ይዘው ሲገቡ "የእሷ ዓይነትና ደረጃ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው?" ይባላሉ። ብዙ ጊዜ አይደለም። በሽታው የጸናባቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ ይፈልጋሉ፦ ስላሳለፉት ሕይወት፣ ለልጆቻቸው ሊተዉት ስለሚፈልጉት ቃል። በካናዳ ሃርቪ ቾቺኖቭ የተባለ ሐኪም የጀመረው ዘዴ ታማሚው ስለ ሕይወቱ የተናገረውን ጽፎ ለቤተሰቡ እንዲቀር መስጠት ነው። ምርቃትና ኑዛዜ በቤታችን ያለ ነገር ስለሆነ ይህ ዘዴ ለእኛ እንግዳ አይመስለኝም።

የድባቴ መድኃኒት ከካንሰር መድኃኒቴ ጋር ይጣላል? ሱስ ይሆንብኛል?

አብዛኞቹ የድባቴ መድኃኒቶች ሱስ አያስይዙም። ለውጡ ግን ቶሎ አይታይም፤ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳል። በድንገትም አይቋረጡም። ሱስ የሚያስፈራው ለእንቅልፍ ተብለው በልማድ የሚዋጡት እንደ ዲያዜፓም ያሉት ናቸው።

ስለ መጣላት፣ ታሞክሲፈን የሚወስዱ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ይህን በደንብ ያንብቡ። ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የተባሉት የድባቴ መድኃኒቶች ጉበት ታሞክሲፈንን ወደሚሠራው ዓይነት እንዳይለውጠው ያግዳሉ። ሌሎች ምርጫዎች፣ ለምሳሌ ቬንላፋክሲን ወይም ሲታሎፕራም፣ ስላሉ የአእምሮ ሐኪሙ የሚወስዱትን ሁሉ ማወቅ አለበት። እያንዳንዱን የመድኃኒት ካርቶን በፌስታል ይዘው ይሂዱ። በቤት የሚቀመመውን መድኃኒትም አይደብቁ።

ጸበል እየተጠመቅሁ ነው። ዱዓም እየተደረገልኝ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያ ይህን ይንቅብኛል?

ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ አይንቅም። እምነት ብዙ ታማሚዎችን አቁሞ የያዘ ምሰሶ ነው፤ የንስሐ አባትም በብዙ ቤት የመጀመሪያው አማካሪ ናቸው። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ መድኃኒቱን አያቋርጡ። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ ሳሉ፣ በኤች አይ ቪ ጉዳይ፣ ጸበልና መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረው ነበር። "መድኃኒት አላህ የፈጠረው ነው" የሚሉ ሼኾችም ብዙ ናቸው። ለኬሞ የደረሰ ታማሚ ቅዝቃዜውና ጾሙ ከደም ሕዋሳቱ ማነስ ጋር እንዳይጎዳው ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ይማከር።

"በኃጢአቴ ነው የመጣብኝ" የሚለው ሐሳብ ግን ሰውን ከውስጥ ይበላል። ይህን ለባለሙያውም ለንስሐ አባትዎም ይንገሩ። ለብቻዎ አይያዙት።

ፀጉሬ ረገፈ፣ ጡቴ ተቆረጠ። ባለቤቴ ፊቱን የሚያዞርብኝ ይመስለኛል።

በባህላችን ፀጉር መላጨት የሐዘን ምልክት ሆኖ ስለኖረ የኬሞ ፀጉር መርገፍ ከመልክም በላይ ያማል። ሰው ሲያይዎት "ማን ሞተባት?" የሚል ይመስልዎታል። የሚያረግፍ መድኃኒት ከሆነ ብዙ ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምራል፣ ሕክምናው ሲያበቃም በአብዛኛው ይበቅላል። ሹሩባውን ከመርገፉ በፊት ራሳቸው ያስቆረጡ ሴቶች፣ ትራስ ላይ ከማየት ይሻላል ይላሉ።

ባለቤትዎን በተመለከተ፣ ምናልባት እንዳያምዎት ፈርቶ ይሆናል። ምናልባት በንክኪ የሚተላለፍ መስሎት ይሆናል፤ አይተላለፍም። ሁለታችሁም ዝም ካላችሁ ዝምታው እንደ መጠየፍ ይነበባል። "ጠባሳዬን ማየት ትፈልጋለህ?" የሚል አንድ ጥያቄ የብዙ ወራት ግድግዳ ሲያፈርስ አውቃለሁ። ስለ ግንኙነት ሐኪሙን መጠየቅም አያሳፍርም፤ ድርቀቱም ሕመሙም መፍትሔ አለው።

ለልጆቼ ምን ልንገራቸው?

እውነቱን፣ በዕድሜያቸው ልክ። የአምስት ዓመት ልጅ "እማዬ ካንሰር የሚባል በሽታ ይዟታል፤ መድኃኒቱ ያደክማታል" የሚለው ይበቃዋል። ሦስት ነገር ሳይጠይቅ ይመልሱለት፦ አንተ ስላጠፋህ አልመጣም፣ አይተላለፍም፣ እኔ ሆስፒታል ስሆን አክስትህ ታስተኛሃለች። ልጆች ያልተነገራቸውን በራሳቸው ይፈጥሩታል፤ የፈጠሩትም ከእውነቱ የባሰ ነው። "እናትህ ውጭ አገር ሄዳለች" ተብሎ ያደገ ልጅ ደግሞ በኋላ የሚያጣው እናቱን ብቻ አይደለም፤ ትልልቆችን ማመንም ይቸግረዋል።

ልጠይቃት እሄዳለሁ። ምን ልበል?

"አይዞሽ" ጥሩ ቃል ነው። አንዳንድ ጊዜ ግን በር መዝጊያ ይሆናል። ታማሚዋ "ፈርቻለሁ" ስትል ፈጥነው "አይዞሽ፣ እንዲህ አይባልም!" ካሏት፣ ሁለተኛ አትናገርም። "ምኑ ነው የሚያስፈራሽ?" ይበሏትና ይቀመጡ። በካንሰር ስለሞቱ ሰዎች ታሪክ አያውሩ። የእገሌን ሥር፣ የእገሌን ማር አያዙ። ብርቱካኑን አስቀምጠው፣ ልጆቿን ከትምህርት ቤት አምጥተው፣ እንጀራ ጋግረው ቢሄዱ ከብዙ ማጽናኛ ይበልጣል። ጉንፋን ከያዘዎት በስልክ ይጠይቁ። ዕድርና ማኅበርም ሃያ ሰው በአንድ ቀን ከሚያጎርፍ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት ሰው ቢመድብ ታማሚዋ ታርፋለች፣ ቤቱም ጭር አይልባትም።

አስታማሚዋ እኔ ነኝ። ለእኔስ ማን አለ?

አስታማሚ አልጋው ሥር ካርቶን አንጥፎ ያድራል፣ ለምርመራ ይሰለፋል፣ ገንዘብ ያፈላልጋል፣ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ ስቆ ይገባል። "ደክሞኛል" ማለት ክህደት ይመስለዋል። አይደለም። በሳምንት አንድ ሌሊት ቤትዎ የሚተኙበትን ተራ ከወንድምና ከእኅት ጋር በግልጽ ይነጋገሩ። ዓረብ አገር ወይም አሜሪካ ያለው ዘመድ ገንዘብ ሲልክ "ሁሉ ሰላም ነው" ብቻ አይበሉት፤ እውነቱን ይንገሩትና በየምሽቱ ለታማሚው እየደወለ የሚያጫውት እሱ ይሁን። የሥነ ልቦና ድጋፉ ለአስታማሚም ነው። ሲቆጡ፣ ሲረሱ፣ ያለ ምክንያት ሲያለቅሱ ካገኙ ራስዎንም ያስመዝግቡ።

ሕይወቴን ማጥፋት አስባለሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ስለነገሩኝ ደስ ብሎኛል። አሁን ደግሞ ዛሬውኑ አንድ በአጠገብዎ ላለ ሰው ይንገሩ፤ ብቻዎን አይደሩ። ይህ ሐሳብ በካንሰር ታማሚዎች ላይ ይከሰታል። በስዊድን ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሰፊ ጥናት ራስን የማጥፋት አደጋ ከሁሉም የሚበረታው ምርመራው ከተነገረ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት እንደሆነ አሳይቷል። በሽታው ገና ምንም ሳይሠራ፣ ድንጋጤው ብቻውን። ያ ድንጋጤ ያልፋል፤ ሕመሙም ድባቴውም ይታከማል።

ቤተሰብ ከሆናችሁ፣ ከጠረጠራችሁ በቀጥታ ጠይቁ። "ራስህን ስለመግደል አስበህ ታውቃለህ?" ማለት ሐሳቡን አይፈጥርበትም፤ ሸክሙን ያራግፍለታል። የተጠራቀመ መድኃኒትና የፀረ ተባይ ኬሚካል ከቤት አውጡ፣ አብራችሁት ሁኑ፣ በአቅራቢያ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። አሜሪካ ያላችሁ 988 መደወል ትችላላችሁ።

አገልግሎቱን የት አገኛለሁ?

ከሚታከሙበት ክፍል ይጀምሩ፤ ነርሷን ይጠይቁ። በጥቁር አንበሳና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍል ስላለ ከካንሰር ክፍሉ ሊላኩ ይችላሉ። ከአዲስ አበባ ውጭ በብዙ ሆስፒታሎች የአእምሮ ጤና ነርሶች አሉ፤ በጤና ጣቢያም ሥልጠና የወሰዱ ባለሙያዎች ይገኛሉ። የባለሙያው ቁጥር ከታማሚው ጋር ፈጽሞ አይመጣጠንም። ይህ ሲያስቆጣኝ ኖሯል፤ ስለዚህም ወረፋው ረዘመ ብለው ተስፋ አይቁረጡ።

ጥቁር አንበሳ ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና ቦታ ስለነበር ታማሚዎች ከሩቅ መጥተው ተራ እየጠበቁ በኪራይ አልጋ ከርመዋል። መጠበቁ ራሱ ሌላ በሽታ ነው። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ፣ ወላጆቹ በካንሰር ባጡት ሕፃን ልጃቸው ስም ያቋቋሙት ድርጅት፣ ከክልል ለሚመጡ ታማሚዎች ማረፊያ አለው። እዚያ ማታ ማታ በታማሚዎች መካከል የሚደረገው ወሬ፣ እኔ እንደማየው፣ ትልቅ ሕክምና ነው። ለሕፃናትና ለወላጆቻቸው ተስፋ አዲስ አለ። ሆስፒስ ኢትዮጵያ ደግሞ በሽታ ለጸናባቸው በአዲስ አበባ ቤት ድረስ ይሄዳል።

አሜሪካ ላሉ፣ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አስተርጓሚ ማቅረብ ግዴታው ነው። "የአማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ" ይበሉ፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅዎን የእናቱን ካንሰር አስተርጉም አይበሉት። እስራኤል ላሉ፣ የካንሰር ክፍሎች የራሳቸው ማኅበራዊ ሠራተኛ አላቸው፤ እሷን በስሟ ይጠይቁ።

ሕክምናዬን ጨርሻለሁ፣ ሁሉም "እንኳን ደስ አለሽ" ይለኛል። እኔ ግን ከበፊቱ የባሰ ፈርቻለሁ።

ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ ብዙዎች ግን እንደ ምስጋና ቢስነት ይቆጥሩትና ይደብቁታል። ሕክምና ላይ ሳሉ በየሦስት ሳምንቱ የሚያይዎት ሰው ነበር። አሁን ቀጠሮው ወደ ሦስት ወር፣ ወደ ስድስት ወር ይርቃል፤ ወገብዎን ቆረጥ ባደረገዎ ቁጥር "ተመለሰ" ይላሉ። የክትትሉ ሳምንት ሲቃረብ ቤቱ ሁሉ ይታመሳል። ሐኪምዎን "የትኞቹ ምልክቶች ናቸው እንድደውል የሚያደርጉኝ?" ብለው ያስጽፉት። በወረቀቱ ላይ የሌለውን ሁለት ሳምንት ይታገሱት፤ ያለውን ወዲያው ይደውሉ። ፍርሃቱ ለክትትል እንዳይሄዱ ካደረገዎ ወይም በየቀኑ ሰውነትዎን እየዳበሱ የሚውሉ ከሆነ ባለሙያ ጋር ይሂዱ።

ቀጠሮዬ ሐሙስ ነው። ለሐኪሙ ምን ብዬ ልጀምር?

ሐኪሙ ቀና ሳይል "እንዴት ነሽ?" ሲል "ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" አይበሉ። ምስጋናውን ያስከትሉ እንጂ ከፊቱ ይህን ያስቀድሙ፦ "ዶክተር፣ እንቅልፍ ካጣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ጭንቀቴ ከአሥር ይህን ያህል ነው። የሚያናግረኝ ሰው እፈልጋለሁ፤ ወደ ማን ይልኩኛል?" በወረቀት ጽፈው ከካርድዎ ጋር ያያይዙት። አፍዎ ቢታሰር ወረቀቱን ይስጡት።